አድማጭ ዕዳ አለበትን?

ሰው ለበላው ምሳና ለጠጣው ቡና ሒሳብ መክፈል እንዳለበት ሕፃን እንኳ ያውቃል። ለሰማው ዜማ ግን ምን ይከፍላል? ሸክላውን ወይም ካሴቱን በገንዘቡ የገዛ ሰው ዕዳውን ጨርሷልን? ሳይገዛ ከጎረቤት መስኮት፥ ከሻይ ቤት ደጃፍ፥ ከአውቶቡስ ውስጥ የሰማውስ? ይህ ጥያቄ ሥራ ፈት ሰው ያመጣው ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከቀልድ አንለየውም ነበር። ነገር ግን አንድ ካሴት በመሥሪያ ቤታችን ውስጥ ክርክር አስነሥቶ፥ ክርክሩም ከልባችን ገብቶ ሰላም ስለ ነሣን፥ ያሰብነውን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ተነሣን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምንሠራበት መዝገብ ቤት፥ በምሳ ሰዓት፥ አንድ ወጣት ባልደረባችን ከስልኩ ሙዚቃ ከፈተ። የሚሰማው አኮርዲዮን ነው፤ ከሥሩ ግን የሰው እጅ ያልነካው፥ እንደ ግድግዳ ሰዓት የማይሳሳትና የማይደክም የከበሮ ምት አለ። ወጣቱም በኩራት፥ «ይህ ሥራ በአውሮፓና በአሜሪካ ስንት እንደ ተጻፈለት ታውቃላችሁ?» አለ። ጡረታቸው የተቃረበው የክፍሉ ታላቃችን ፈገግ ብለው፥ «ልጄ፥ ይህማ ፀጉር አስተካካይ ቤት ተራ ስንጠብቅ የምንሰማው ነው፤ ከመቼ ወዲህ ነው ይህን ያህል የከበረው?» አሉት። ወጣቱም፥ «እንግዲያውስ ጋሼ፥ እናንተ ሰምታችሁታል እንጂ አላዳመጣችሁትም!» ሲል መለሰ። ንግግሩ ትንሽ ድፍረት ነበረበት። ታላቃችን ተቈጥተው ወደ ፋይላቸው ዞሩ። እኛም በዚያን ጊዜ ለታላቁ አድልተን ነበር፤ ወደ ቤታችን ስንሄድ ግን ያች የወጣቱ ቃል ተከተለችን።

ካሴቱ የአቶ ኃይሉ መርጊያ ሥራ የሆነው «ሸሞንሟናዬ» ነው። አቶ ኃይሉ በ1946 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን) በደብረ ብርሃን ተወልደው፥ በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው፥ አኮርዲዮንን ያለ አስተማሪ የተማሩ ሰው ናቸው። በኋላም ዋሊያስ ባንድ ከሚባለው ጓድ ጋር በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት ተጫውተዋል። በ1981 ጓዱ ወደ አሜሪካ ለዝግጅት በሄደ ጊዜ ከአባላቱ አንዳንዶቹ ወደ አገር አልተመለሱም፤ እርሳቸውም ከቀሩት አንዱ ናቸው። በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ ከአንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ገብተው፥ ብቻቸውን፥ አኮርዲዮኑን፥ ሮድስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሙግ የተባለውን ሲንተሳይዘር እየደራረቡ ተጫወቱ፤ ከበሮውንም ለመኪና ከበሮ ተዉለት። ዘፋኝ የለም። ቃል የለም። አምባሰሉም ሽለላውም ያለ ድምፅ በመሣሪያ ብቻ ይሄዳሉ።

የዚህ ሥራ ምስጢር እዚህ ላይ ያለ ይመስለናል። አቶ ኃይሉ ይህን ሁሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሰበሰቡት አዲስ ነገር ለማሳየት ጓጕተው አልነበረም። የፈለጉት በወጣትነታቸው የለመዱትንና ከዘመኑ ባንዶች መካከል እየጠፋ የሄደውን የአኮርዲዮን ድምፅ መመለስ ነበር። ከአገሩ ርቆ፥ ጓዶቹ ተበትነውበት፥ ሰው የናፈቀ ሰው የዘመኑን አዲስ መኪና ለጥንቱ ናፍቆት አገልጋይ አደረገው። ስለዚህ ይህን ካሴት በትክክል ለመስማት ሁለት ጆሮ ያስፈልጋል፤ አንዱ መኪናውን የሚሰማ፥ ሁለተኛው ናፍቆቱን የሚሰማ። ታዲያ ካሴቱ ከወጣ ጀምሮ የገጠሙት አድማጮች አብዛኛውን ጊዜ ባለ አንድ ጆሮ ነበሩ።

አስቀድመን የራሳችንን እንናገር። በአገራችን ዘፋኝ የሌለበትን የመሣሪያ ሙዚቃ ሁሉ «ክላሲካል» ማለት የተለመደ ነው። የካሴቱም ርእስ ይህንኑ ቃል ይዟል፤ የውጭ አገር ሰው ሲያነበው ቤትሆቨንንና ሞዛርትን ፈልጎ እንደሚደናገር አያጠራጥርም። ዳሩ ግን «ክላሲካል» ያልነውን ምን አደረግነው? የራዲዮ መርሐ ግብር መሸጋገሪያ፥ የማስታወቂያ ማጀቢያ፥ የሆቴል አዳራሽ ጸጥታ ማባረሪያ አደረግነው። ዘፈን ሲሆን ግጥሙን እንከተላለን፥ እንከራከርበታለን፥ ቅኔውን እንፈታለን። ቃል የሌለው ዜማ ሲመጣ ግን ወሬያችንን እንጀምራለን። በዜማውም ውስጥ ያገኘነው አስቀድመን የምናውቀውን ነው፤ «ይህ አምባሰል ነው፥ ይህ ያ የሠርግ ዘፈን ነው» ብለን ካወቅነው በኋላ ማዳመጣችንን አቆምን። ማወቃችን ራሱ ደንቈሮ አደረገን ብንል ማጋነን አይሆንም። ከዜማው ሥር ያ መኪና ምን እየሠራ እንደ ሆነ፥ ለምንስ ባለ ክራርና ባለ መሰንቆ ሳይሆን ያ መኪና እንደ ተመረጠ የጠየቀ ሰው አላጋጠመንም።

የዐዋቂዎቹም ፍርድ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ስለ ዘመናዊው ሙዚቃችን የሚጽፉና የሚናገሩ ሰዎች ዘንድ አንድ የጸና አስተያየት አለ፤ ይኸውም ወርቃማው ዘመን በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የነበረው፥ መለከትና ሳክስፎን የበዛበት፥ በሸክላ የታተመው ነው፤ ኪቦርድና የከበሮ መኪና ከመጡ ወዲህ ያለው ግን ውድቀት ነው የሚል ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮጲክስ» በሚል ስም ያሳተመው ተከታታይ ሥራም በአብዛኛው የዚያኑ የሸክላ ዘመን ዜማ ለዓለም ያሳወቀ ነው። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የአንድ ዘመን ክብር የሌላውን ዘመን ጆሮ እንዲደፍን መፍቀድ የለብንም። ባንዶቹ የተበተኑትና መለከቱ ዝም ያለው ሙዚቀኞቹ ስለ ሰነፉ አልነበረም። ከ1974 ለውጥ በኋላ ለብዙ ዓመታት የጸናው የሰዓት እላፊ የሌሊቱን መጫወቻ ዘጋ፤ ብዙ ሰውም ተሰደደ። ዐሥር ሰው የያዘ ጓድ መቅጠር በማይቻልበት ዘመን አንድ ሰው ዐሥር ሆኖ ለመጫወት ቢሞክር ይህ ውድቀት ነው ወይስ ጽናት? ሐያሲው የጎደለውን መለከት ቈጠረ፤ በቦታው የቆመውን ሰው አላየውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የውጭ አገር አድማጭ ነው። የድሮ የአፍሪካ ካሴቶችን እየፈለገ የሚሰበስበው አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ በአገራችን ሲዘዋወር ይህን ካሴት ከባሕር ዳር ገዛ። ሰምቶም ተደነቀ፤ የአቶ ኃይሉን ስልክ ፈልጎ ደወለ፤ ተስማምተውም ሥራው በ2013 እንደ ገና ታተመ። የውጭ የሙዚቃ ጋዜጦች አመሰገኑት። አቶ ኃይሉም በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ መንገደኛ እስኪመጣ ድረስም ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ትንሽ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ከ2013 ጀምሮ እንደ ገና ወደ መድረክ ወጡ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጡ።

ይህ ታሪክ ልብ ይነካል፤ ስለሚነካም ያሳስታል። ጸሐፊዎቹ ደጋግመው «የጠፋው ተገኘ» አሉ። እኛ ግን፥ ከማን ጠፍቶ? ብለን እንጠይቃለን። ካሴቱ የተገኘው ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው። ከሱቅ የሚሸጥ ዕቃ፥ ፀጉር ቤት የሚሰማ ዜማ፥ ጠፋ አይባልም። ጠፋ የሚለው ቃል ፈረንጁ ያላየው ሁሉ እንዳልነበረ የሚቈጥር ቃል ነው። በዚያም ላይ ብዙዎቹ የወደዱት መኪናውን ነው፤ እንግዳ፥ ገና ያልመጣ ዘመን ድምፅ ሆኖ ተሰማቸው። አምባሰሉ ለእነርሱ ከቶ የማይታወቅ አገር ጠረን እንጂ የማንም ትዝታ አይደለም። እኛ ናፍቆቱን ሰምተን መኪናውን ናቅን፤ እነርሱ መኪናውን አድንቀው ናፍቆቱን አለፉት። ሰሙን ለእነርሱ፥ ወርቁን ለእኛ ሰጥተን በሰላም ለመለያየት ያምረን ነበር። ሆኖም ፍርዱ ልክ አይሆንም፤ ወርቁን አግኝቶ በኪሱ ይዞ የረሳ ሰው ከድኻ በምን ይሻላል?

መኪና ሲጫወት የሰው ልብ ጠፋ የሚለው ክስ በእኛ አገር ብቻ የተሰማ አይደለም። በጀርመን አገር፥ በዱሰልዶርፍ ከተማ፥ ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር በ1970 የመሠረቱት ክራፍትወርክ የተባለ ጓድ ነበረ። በ1974 «አውቶባን» የተባለውን ሥራ አወጡ፤ ዋናው ዜማ ከ22 ደቂቃ በላይ የሚሄድ፥ ስለ አውራ ጎዳና ጉዞ የሚናገር ነው። በአሜሪካ ዜማውን ወደ ሦስት ደቂቃ ግድም ቈርጠው አሠራጩት፤ በ1975ም በአገሪቱ የዘፈን ሰንጠረዥ 25ኛ ደረጃ ደረሰ። በዚያ ዘመን ከእንግሊዝ ሐያስያን ብዙዎቹ ቀዝቃዛ፥ ነፍስ የሌለው፥ የፋብሪካ ጩኸት እያሉ ቀለዱበት፤ በጀርመንነታቸውም ተሣለቁ። ሐያስያኑ በእጃቸው የያዙት ሚዛን ለጊታር የተሠራ ነበርና ሌላውን ሁሉ ጐደሎ አድርጎ ይመዝን ነበር። ታዲያ ለዚህ ክስ መልስ የሰጠው ሌላ ሐያሲ አይደለም። በ1982 በኒው ዮርክ አፍሪካ ባምባታ የተባለው ሰው «ፕላኔት ሮክ» በተባለው ሥራው፥ ጓዱ በ1977 ያወጣውን የ«ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ»ን ዜማ ወስዶ በጥቁር ወጣቶች ጭፈራ መካከል አቆመው። ነፍስ የለውም የተባለው ሙዚቃ በድኾች ሰፈር እግር አገኘ። የክብር ሽልማቱና በ2021 ወደ ታላላቆቹ የሮክ ሙዚቀኞች መዘክር መግባቱ የመጣው ከዚያ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ዳኛው ሕዝብ ነው፥ ሐያሲ ከንቱ ነው» የሚል ይኖራል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። በእኛ ካሴት ላይ የተሳሳተው ሕዝቡ ራሱ ነውና። ብዛት ፍርድ ቢሆን ኖሮ፥ የማስታወቂያ ማጀቢያ ሁሉ ከዜማ በላይ በከበረ ነበር። ሐያሲም አድማጭም የሚፈረድባቸው በአንድ ነገር ነው፤ ሠሪው ምን ሊሠራ እንደ ተነሣ ጠይቀዋል ወይስ አልጠየቁም?

በጥንቱ ሥርዐታችን ሐያሲና አድማጭ ሁለት ሰዎች አልነበሩም። በአዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው ዝም ብሎ አይሰማም፤ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፥ አዝማሪውም ይቀበላል፥ ደስ ያለውም ከግንባሩ ላይ ገንዘብ ይለጥፍለታል። ፍርዱም ክፍያውም በዚያው በፊቱ፥ ዐይን ለዐይን እየተያዩ ይፈጸማል። በቅኔ ማሕበርም እንዲሁ ነው። ቅኔው ሲነገር «ይበል!» የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ነገር ግን ወርቁ ያልገባው ሰው ሌላው ስላለ ብቻ «ይበል» ቢል መሣቂያ ይሆናል። ማድነቅ ራሱ ዕውቀትና ኀላፊነት ነበረው ማለት ነው። ሸክላና ካሴት ሲመጡ ግን ተጫዋቹ ከአድማጩ ተለየ። አቶ ኃይሉ በዋሽንግተን ተጫወቱ፤ እኛ በአዲስ አበባ፥ በደሴ፥ በባሕር ዳር ሰማን። «ተቀበል» የምንልበት አፍ፥ ገንዘብ የምንለጥፍበት ግንባር በመካከላችን አልነበረም። ስለዚህ ዝም አልን፤ ዝምታችንም ለሠሪው መናቅ መስሎ ደረሰው እንጂ መውደድ መስሎ አልደረሰም።

እዚህ ላይ አንድ ነውር እንናዘዝ። በልጅነታችን በአባታችን ቤት የነበረው የ«ሸሞንሟናዬ» ካሴት ከሱቅ ባዶ ካሴት ወስዶ የተቀዳ ነበር፤ በጀርባው ላይ ርእሱ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። እንዲህ ያለው ካሴት በየቤቱ ነበረ፤ ማንም እንደ ሌብነት አይቈጥረውም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410 የወጣው በ2004 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ልማድ ዜማ እንደ ምንጭ ውኃ ነበረ። አባታችን ቅን ሰው ነበሩ፤ ከመንግሥት ቢሮ አንዲት ወረቀት ወደ ቤት አያመጡም። ሆኖም ያን ካሴት ሲያስቀዱ ልባቸው ምንም አላላቸውም። እርሳቸው በምሽት ያን አኮርዲዮን እየሰሙ ድካማቸውን በሚያሳርፉበት ዘመን፥ የተጫወተው ሰው በውጭ አገር ለእንጀራው መሪ ይዞ ነበር። በአንዱና በሌላው መካከል የሂሳብ ደብተር ቢኖር ኖሮ የማን ስም በቀይ ይጻፍ እንደ ነበር መናገር አያሻንም።

«ታክሲ መንዳት ውርደት አይደለም» ይሉን ይሆናል። አይደለም፤ እኛም ውርደት አላልነውም። ሥራ ሁሉ ክቡር ነው። የሚያሳዝነን ሰውየው መንዳታቸው ሳይሆን፥ እኛ በየቀኑ እየሰማናቸው «ይህን የሠራው ሰው የት አለ?» ብለን አለመጠየቃችን ነው። ጥያቄውን ጠይቆ ስልኩን የደወለው ሰው ቋንቋችንን የማያውቅ እንግዳ ሆነ። ጆሮው ግማሹን ብቻ ሰምቷል ብለነዋል፤ ነገር ግን በሰማው ግማሽ ልክ ዕዳውን ከፈለ። እኛ ሁለቱንም መስማት የምንችል ምንም አልከፈልንም።

ክርክሩ ካለፈ በኋላ እኛም ልንከፍል አሰብን፤ ሥራውን በኢንተርኔት ከሚሸጥበት ለመግዛት ሞከርን። ዋጋው በዶላር ነው፤ የሚከፈለውም በውጭ ባንክ ካርድ ነው። በአንድ ባንክ መስኮት ቆመን ብንጠይቅ፥ ጸሐፊዋ «ለሙዚቃ?» ብላ ደግማ ጠየቀችን፤ ከኋላችን የተሰለፉትም ሣቁ። አልተሳካልንም። ዕዳን ዐውቆ የሚከፍልበት መንገድ ማጣት ምን ያህል እንደሚከብድ በዚያ ሰልፍ ላይ ተረዳን። በመጨረሻ በአሜሪካ የሚኖር የአክስታችን ልጅ ገዝቶ ላከልን፤ እርሱም ገንዘቡን አልቀበልም ስላለ ዕዳው ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ተዛወረ እንጂ አልተከፈለም።

ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት ያንኑ ሥራ በመዝገብ ቤቱ ውስጥ ከፈትነው። ወጣቱ ነበረ፤ ታላቃችንም ነበሩ። ሽለላው ላይ ሲደርስ ማንም አላወራም። ሽለላ ቃል ከሌለው ምን ይሆናል? የሚፎክርለት ጀግና ስም አይጠራም፥ አባቱ አይነሣም፥ ጋሻው አይወደስም፤ ዜማው ብቻ፥ ከማይደክመው መኪና በላይ፥ ሰው እንደሚፈልግ ሆኖ ይወጣል ይወርዳል። ታላቃችን ፋይላቸውን ሳይዘጉ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየን፤ በመሣሪያው ሥር፥ በዝግታ፥ የአባታቸውን አገር ሽለላ በቃል ይሞሉለት ነበር።

ወጣቱ ጠጋ ብሎ፥ «ጋሼ፥ ምን አሉ?» አላቸው።

«ዝም ብለህ አዳምጥ» አሉት፤ እጃቸውንም ዘርግተው ድምፁን ከፍ አደረጉት።